ንባቡ ተገኝቶ ትርጓሜው ስለ ታጣ ጽሕፈት

ልጆች ሆይ፤ ዳዊት መድገም የጀመረ ተማሪ በየኔታ ፊት ተቀምጦ ሲያነብ ሰምታችሁ ይሆናል። ፊደሉን አይስትም፤ ተነሹን ከወዳቂው፥ ሰያፉን ከተጣዩ ለይቶ ያነባል፤ ድምፁም ያማረ ነው። ነገር ግን «ልጄ፥ አሁን ያነበብኸው ቃል ምን ማለት ነው?» ብለው ቢጠይቁት ዝም ይላል። ንባቡን እንጂ ትርጓሜውን ገና አልተማረምና። ይህም ነውር አይደለም። እኔ ራሴ በሕፃንነቴ መዝሙረ ዳዊትን ከዳር እስከ ዳር ስደግም፥ ከግዕዙ ትርጓሜውን የማውቀው ቃል ከጣቶቼ ቍጥር አይበልጥም ነበር። ትርጓሜው በጊዜው ይመጣል፤ የሚያውቀው መምህር በአጠገብ አለና።

አሁን የምነግራችሁ ግን መምህሩ ስለ ሞተበት መጽሐፍ ነው። የዓለም ሊቃውንት ሁሉ በዚህ መጽሐፍ ፊት እንደ ንባብ ቤት ተማሪ ተቀምጠዋል። ፊደሉን አንድ በአንድ ያነቡታል፤ ትርጓሜውን የሚነግራቸው ሰው ግን ካለፈ ከ1500 ዓመት ይበልጣል። መጽሐፉ የተጻፈበትም አገር ሩቅ አይደለም፤ ጎረቤታችን ነው።

የተከዜን ውሃ ተከትለን እንሂድ። ተከዜ ከላስታ ተራሮች ተነሥቶ፥ ገደሉን እየሰነጠቀ ወደ ምዕራብ ይወርድና በሱዳን ቈላ ከአትባራ ወንዝ ጋር ይገናኛል። አትባራም ከታላቁ ከዓባይ ጋር ይቀላቀላል። ከዚህ መገናኛ ወደ ደቡብ ጥቂት ቢሄዱ፥ በዓባይ ምሥራቅ ዳር፥ ከካርቱም ከተማ ወደ ሰሜን ምሥራቅ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፥ የመርዌ ከተማ ፍርስራሽ ይገኛል። ወንዞች በዙሪያው ስለ ከበቡት የጥንት ግሪኮች አገሩን የመርዌ ደሴት ይሉት ነበር። በክረምት በላስታ የዘነበው ዝናብ በዚያ አገር አጠገብ ያልፋል። ስለዚህ የመርዌ ሰዎች እኛን ሳያዩ ውሃችንን ይጠጡ ነበር ማለት ይቻላል።

ከዚህ በታች የምንጽፈው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

በዚያ አገር የነበረው መንግሥት ኩሽ ይባላል። እጅግ የቈየ መንግሥት ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ2500 ዓመት ገደማ ጀምሮ ኬርማ በምትባል ከተማ ነገሥታት ነበሩባት፤ ከጭቃ ጡብ የሠሩት ታላቅ ቤተ ጣዖት ፍርስራሹ እስከ ዛሬ ቆሞ ይታያል። ከዚህ በኋላ ግብጾች አገሩን ይዘው ብዙ መቶ ዓመት ገዙት። ነገር ግን ዘመን ተገለበጠ። የግብጽ ኃይል በደከመ ጊዜ የኩሽ ነገሥታት ናፓታ ከምትባል ከተማ ተነሥተው ዓባይን ይዘው ቍልቍል ወረዱ። ፒዬ የሚባለው ንጉሥ ከልደት በፊት በ728 ዓመት ገደማ ግብጽን አሸነፈ፤ እርሱና ወገኖቹም የግብጽ 25ኛ ሥርወ መንግሥት ተብለው ተቈጠሩ።

ይህ ፒዬ ፈረስ ወዳድ ነበረ። ድሉን ባጻፈበት ድንጋይ ላይ አንድ ነገር ይተረካል። ከብቦ የያዛት ከተማ በሯን በከፈተች ጊዜ ወደ ገባሪው ንጉሥ በረት ገባ፤ ፈረሶቹም ተርበው ከስተው አገኛቸው። ከዚያ ሰው ክፋት ሁሉ ይልቅ የፈረሶቹ መራብ አስቈጣው። ከ2700 ዓመት በፊት የነበረ ንጉሥ በምን እንደ ተቈጣ ዛሬ እናውቃለን፤ ይህ ድንቅ አይደለምን? የምናውቀውም ፒዬ ነገሩን በግብጽ ቋንቋና በግብጽ ፊደል ስላጻፈው ነው። የግብጽን ጽሕፈት ሻምፖልዮን የሚባል ፈረንሳዊ በ1822 ፈትቶታልና። ይህን ነገር አትርሱት፤ ወደ እርሱ እንመለሳለን።

ከፒዬ ቀጥሎ ከነገሡት አንዱ ከልደት በፊት ከ690 እስከ 664 የነገሠው ታሃርቃ ነው። በመጽሐፈ ነገሥት ቲርሐቅ ተብሎ የተጠራው እርሱ ነው። የአማርኛው መጽሐፍ የኢትዮጵያ ንጉሥ ይለዋል፤ ዕብራይስጡ ግን የሚለው ኩሽ ነው። ግሪኮች ከግብጽ በስተ ደቡብ ያለውን የጥቍሮች አገር ሁሉ ኢትዮጵያ ይሉ ስለ ነበር ስሙ በዚህ መንገድ ተላልፎ መጣ። ስለዚህ በጥንት መጽሐፍ ኢትዮጵያ የሚል ቃል ባገኛችሁ ጊዜ ስለ የትኛው አገር እንደ ተነገረ ጠይቁ። የጎረቤትን ርስት በስም መመሳሰል መውሰድ በመሬት ክርክር እንደማይገባ በታሪክም አይገባም።

በኋላም የአሦር ሠራዊት መጥቶ ኩሾችን ከግብጽ አስወጣቸው። እነርሱም ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ ውለው አድረውም መናገሻቸው በደቡብ በኩል መርዌ ሆነች። በዚያም ስምንት መቶ ዓመት ገደማ ኖሩ። ከግብጽ ርቀው በሄዱ መጠን የራሳቸውን ሥራ እየሠሩ ሄዱ። ነገሥታቶቻቸውንና ንግሥቶቻቸውን በፒራሚድ ሥር ቀበሩ፤ የመርዌ ፒራሚድ ከግብጾቹ ያነሰ ነው፥ ጎኑ ግን ቀጥ ብሎ የወጣ ነው። በኩሽ አገር ሁሉ የተሠሩት ፒራሚዶች ከ200 ይበልጣሉ። ብረትም ያቀልጡ ነበር፤ ብረት ሲቀልጥ የሚወጣው ጥቍር ዝቃጭ በከተማዋ ዳር እንደ ኰረብታ ተከምሮ እስከ ዛሬ ይታያል። ጥጥ ፈትለው ይሸምኑ ነበር። ከወንዝ ርቆ ባለው ምድረ በዳ የክረምቱን ዝናብ የሚያቍሩበት ታላላቅ ጉድጓድ በክብ ቈፈሩ፤ ሙሰወራት በሚባለው ስፍራ ያለው ስፋቱ ከ200 ሜትር ይበልጣል። እስቲ አስቡት፤ ከዳር እስከ ዳር ለመሄድ ደርዘን ገበሬ ከነጥማዱ ጎን ለጎን ቢሰለፍ የማይሞላው ኩሬ በእጅና በቅርጫት ተቈፈረ። ከግብጾች ከተቀበሉአቸው አማልክት ሌላ አፔዴማክ የሚባል ራሱ የአንበሳ የሆነ የራሳቸው አምላክ ነበራቸው፤ ቤተ መቅደሱ በናቃ ቆሟል።

ሴቶችም በዚያ አገር በዙፋን ተቀምጠው ይገዙ ነበር። በሐዋርያት ሥራ መጽሐፍ በምዕራፍ 8 በሠረገላው ተቀምጦ ያነብ የነበረውን ጃንደረባ ታስታውሳላችሁ። እመቤቱ ህንደኬ ትባላለች። ህንደኬ ግን የአንዲት ሴት ስም አይደለም፤ በመርዌ ቋንቋ ለታላቂቱ የንጉሥ ወገን ሴት የሚሰጥ ማዕርግ ነው። እኛ እቴጌ እንደምንለው ያለ ነው።

ከእነዚህ እቴጌዎች አንዲቱ ከሮም መንግሥት ጋር ተዋጋች። ሮማውያን ግብጽን በያዙ ጊዜ ወደ ደቡብ ገፉ፤ የመርዌ ሠራዊትም ከልደት በፊት በ25 ዓመት ገደማ ወደ አስዋን ወርዶ ከተሞቹን መታ፥ የአውግስጦስ ቄሣርንም ምስሎች አፈረሰ። ስትራቦን የሚባል የግሪክ ጸሐፊ ይህን ሲተርክ ንግሥቲቱ አንድ ዓይና እንደ ነበረችና ልቧ እንደ ወንድ የጠና እንደ ነበረ ይናገራል። ሊቃውንት አማኒሬናስ የምትባለው ናት ይላሉ። የሮም አለቃ ፔትሮንዮስ መጥቶ ናፓታን አፈረሰ። ይሁን እንጂ ነገሩ በዚያ አላበቃም፤ የንግሥቲቱ መልእክተኞች ሳሞስ በምትባለው ደሴት ከቄሣር ጋር ተገናኙ፥ ቄሣርም የጣለባቸውን ግብር ተወላቸው። በ1910 ጋርስታንግ የሚባል እንግሊዛዊ በመርዌ ሲቈፍር ከአንድ ቤተ መቅደስ ደፍ ሥር ከናስ የተሠራ የአውግስጦስ ራስ አገኘ። የገባና የወጣ ሁሉ በቄሣር ራስ ላይ ይረግጥ ዘንድ በዚያ ቀብረውት ነበር። ራሱ ዛሬ በለንደን በብሪታንያ ቤተ መዘክር ይገኛል፤ ከመሬት ሥር ስለ ቈየም ዓይኖቹ እንኳ አልጠፉም።

እነሆ፥ ስለዚህ ጦርነት የሮምን ወገን ቃል ከስትራቦን ሰማን። የመርዌስ ወገን ምን አለ? አልጻፉም እንዳትሉ ጽፈዋል። በመርዌ አጠገብ አማኒሬናስ የምትባለው ንግሥት ስም ያለበት ረጅም የተጻፈ ድንጋይ ተገኝቷል፤ እርሱም በብሪታንያ ቤተ መዘክር አለ። ስለ ጦርነቱ ይናገር እንደ ሆነ ብለው ሊቃውንት ደጋግመው አንብበውታል። ነገር ግን አልገባቸውም።

ይህ ለምን ሆነ? በፒዬና በቲርሐቅ ዘመን ኩሾች የሚጽፉት በግብጽ ቋንቋ ነበረ፤ ስለዚህ ቃላቸውን እንሰማለን። በኋላ ግን ከልደት በፊት በ3ኛውና በ2ኛው ምዕት ዓመት ገደማ የራሳቸውን ቋንቋ በራሳቸው ፊደል ይጽፉ ጀመር። የፊደሉን መልክ የወሰዱት ከግብጽ ነው። ሥርዓቱ ግን የእነርሱ ነው። የግብጽ ጽሕፈት ሰባት መቶ ያህል ምልክት ያስፈልገዋል፤ ጸሐፊውም ለመማር ዕድሜውን ይጨርሳል። የመርዌ ሰዎች ይህን ሁሉ ትተው በ23 ፊደል ብቻ ቋንቋቸውን ሁሉ ጻፉ። ሁለት ዓይነት መልክም ነበረው፤ አንዱ ለቤተ መቅደስና ለነገሥታት የሚሆን በሥዕል የሚጻፍ፥ ሁለተኛው ለዕለት ጉዳይ የሚሆን በፍጥነት የሚጻፍ ነው።

እናንተ ፊደል የቈጠራችሁ ልጆች የዚህን ፊደል ጥበብ ከሌላው ሰው ይልቅ ታስተውሉታላችሁ። የአውሮፓ ፊደል «መ» ለማለት ሁለት ምልክት ይፈልጋል። በመርዌ ፊደል ግን እንደ እኛው አንዱ ምልክት ድምፁን ከነአናባቢው ይዞ ይነገራል። ድምፁን መለወጥ ሲፈልጉ ከኋላው ሌላ ፊደል ይጨምሩበታል። እኛ ደግሞ ፊደሉን ራሱን እንለውጠዋለን፤ እግር እናወጣለታለን፥ ቀለበት እናደርግለታለን። ከግዕዝ 26 ፊደላት በሰባት በሰባት 182 የሚወጣው በዚህ መንገድ ነው። ደግሞም የመርዌ ጸሐፊዎች ቃልን ከቃል የሚለዩት ሁለት ወይም ሦስት ነጥብ ወደ ታች አሰልፈው በማኖር ነው። አባቶቻችን በብራና መጻሕፍት የሚያኖሩትን ሁለት ነጥብ ያየ ሰው ይህን ቢያይ እንግዳ አይሆንበትም።

ይህን ፊደል የፈታው ግሪፊት የሚባል እንግሊዛዊ ሊቅ ነው። ያገኘው ዘዴ ቀላልና ብልኅ ነበረ። ወድ በን ናቃ ከሚባል ስፍራ በ1844 ወደ በርሊን የተወሰደ አንድ የቤተ መቅደስ ድንጋይ ነበረ፤ በላዩም የንጉሥ ናታካማኒና የንግሥት አማኒቶሬ ስም በግብጽ ፊደልም በመርዌ ፊደልም ተጽፎበታል። የሰው ስም በየትኛውም ቋንቋ ቢጻፍ ድምፁ ያው ነውና፥ ግሪፊት ከታወቀው የግብጽ ንባብ ተነሥቶ የማይታወቀውን ፊደል ድምፅ አንድ በአንድ ለየ። በ1911 ሥራውን አሳተመ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የመርዌን ድንጋይ ሁሉ ጮኾ ማንበብ ተቻለ።

ንባቡ ከተገኘ ትርጓሜው ስለ ምን አይገኝም የሚል ልጅ ይኖራል፤ መልካም ጥያቄ ነው። ኦኔሲሞስ ነሲብ በ1899 ያሳተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ የተጻፈው በዚሁ በእኛ ፊደል ነው። ኦሮምኛ የማያውቅ አማራ ልጅ መጽሐፉን ቢገልጠው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ማንበብ ይችላል፤ ምን እንዳነበበ ግን አያውቅም። ልዩነቱ ይህ ልጅ ወጥቶ ኦሮምኛ የሚናገር ጓደኛውን መጠየቅ መቻሉ ነው። የመርዌን ቋንቋ የሚናገር ሰው ግን በምድር ላይ የለም። አንዱ ነገር በሁለት ቋንቋ ጎን ለጎን የተጻፈበት ረጅም ድንጋይም እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ሊቃውንት በብዙ ድካም ጥቂት ቃላት ለይተዋል። ንጉሥን ቆሬ ይሉታል፤ ውሃን አቶ፥ እንጀራን አት ይላሉ። ውሃንና እንጀራን እንዴት እንዳወቋቸው ልንገራችሁ። ከተገኙት ጽሕፈቶች እጅግ የሚበዙት በመቃብር ላይ የቆሙ ናቸው፤ እነርሱም እንደ ጸሎት አንድ ዓይነት ሥርዓት አላቸው። አስቀድሞ የግብጽ አማልክት ኢሲስና ኦሲሪስ ይጠራሉ፤ ቀጥሎ የሟቹ ስም፥ የእናቱ ስም፥ የአባቱ ስም፥ ከዘመዶቹም ሹመት ያለው ይነገራል፤ በመጨረሻም ለሟቹ ብዙ ውሃ ይጠጣ ዘንድ፥ ብዙ እንጀራም ይበላ ዘንድ ይለመንለታል። በአጠገቡም አማልክት ከማድጋ ውሃ ሲያፈሱ በሥዕል ይታያል፤ ስለዚህ ቃሉ ታወቀ። የአንድ ታላቅ መንግሥት ቋንቋ ከሞተ በኋላ ከሁሉ አስቀድሞ የተሰማው ቃሉ ውሃና እንጀራ ሆነ።

አሁን ወደ ራሳችን አገር እንመለስ። በዚሁ ዘመን በአክሱም ሌላ መንግሥት ነበረ፤ እርሱም ይጽፍ ነበር። እኛም ፊደሉን ከራሳችን አላመነጨነውም፤ መልኩ ከቀይ ባሕር ማዶ ከነበረው ከሳባውያን ጽሕፈት ጋር የተዛመደ ነው። በመጀመሪያ የአክሱም ጽሕፈት ግዕዝ የምንለውን የፊደል መልክ ብቻ ይዞ ያለ አናባቢ ይጻፍ ነበር። ካዕብ ሣልስ ብለን የምንቈጥረው ሰባቱ መልክ ተለይቶ የሚታየው በ4ኛው ምዕት ዓመት በንጉሥ ዒዛና ዘመን ጽሕፈት ነው።

ከዒዛና ድንጋዮች አንዱ ስለ መርዌ አገር ይናገራል። ኖባዎች የሚባሉ ሰዎች ጎረቤቶቻቸውን ስለ በደሉ፥ የንጉሡንም መልእክተኞች ስለ ዘረፉ እንደ ዘመተባቸው፤ በተከዜ ዳር እንደ ተዋጋቸው፥ የሸሹትንም 23 ቀን እንዳሳደዳቸው፤ የግንብና የሣር ከተሞቻቸውን እንዳቃጠለ፥ እህልና ጥጥ እንዳጠፋ፥ ከዚያም ካሱዎችን እንደ ወጋና ወንዞቹ በሚገናኙበት ስፍራ የድል መታሰቢያ እንዳቆመ ይተርካል። ካሱ ማለት ኩሽ ነው። ከዚሁ ጽሕፈት ደግሞ ኖባዎች የኩሽን የግንብ ከተሞች አስቀድመው ይዘዋቸው እንደ ነበረ እንረዳለን፤ ስለዚህ ዒዛና በደረሰ ጊዜ የመርዌ መንግሥት ተዳክሞ ነበር።

ግዕዝ የተማረ ማናቸውም ደብተራ በዚህ ድንጋይ ፊት ቢቆም ብዙውን ይረዳል። እኔም ባነበብሁት ጊዜ ቃሉ የታወቀ ሆኖ ስላገኘሁት ደስ አለኝ፤ ወዲያውም አዘንሁ። የእኛ ንጉሥ ይናገራል፤ የተቃጠለባቸው ሰዎች ድንጋይ ግን ለእኛ ዲዳ ነው። መልእክተኞቹን ማን ዘረፈ? ጥጡ የማን ነበረ? ዳኛ የከሳሹን ቃል ብቻ ሰምቶ አይፈርድም፤ እኛም በዚህ ነገር የሰማነው የአንዱን ወገን ቃል ብቻ ነው።

የመርዌ ነገሥታት በዚያው በ4ኛው ምዕት ዓመት አለቁ፤ ፒራሚድ የሚሠራ ጠፋ። ጽሕፈቱ ከመንግሥቱ በኋላ ጥቂት ዘመን ቈየ። በከላብሻ ቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ ካራማዶዬ የሚባል ንጉሥ በ5ኛው ምዕት ዓመት ያጻፈው ከመጨረሻዎቹ አንዱ ነው። ከዚያ ወዲህ ኑባውያን ክርስቲያኖች ሆነው ቋንቋቸውን በግሪክና በቅብጥ ፊደል ጻፉ፤ በግሪክ የማይገኝ ድምፅ ሲያጋጥማቸው ግን ከመርዌ ፊደል ሁለት ሦስቱን ወስደው ጨመሩ። ከ23ቱ በሰው እጅ ሲጻፉ የቀሩት እነዚያ ብቻ ናቸው።

አክሱምም በተራዋ ወደቀች። ወደቧ አዱሊስ ጠፋች፥ ከወርቅ የምትመታው ገንዘብ ቀረ። የግዕዝ ቋንቋም ራሱ በቤትና በገበያ መነገሩ ከቀረ አንድ ሺህ ዓመት ገደማ ሆኖታል። እንግዲህ በኃይል ቢሆን ሁለቱም መንግሥታት ጠፍተዋል፤ በአነጋገርም ቢሆን ሁለቱም ቋንቋዎች የእናት ቋንቋ መሆናቸው ቀርቷል። ታዲያ ግዕዝ ስለ ምን ይሰማል? በዓድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም ያለው ወንጌል በ4ኛውና በ7ኛው ምዕት ዓመት መካከል በብራና የተጻፈ ነው፤ በዓለም ካሉት ሥዕል ያለባቸው የወንጌል መጻሕፍት እጅግ ከቈዩት አንዱ ነው። ነገር ግን ብራና ብቻውን አይናገርም፤ የመርዌ ድንጋይ ከብራና ይልቅ ጠንካራ ነውና። የተናገረው የኔታ ነው። ደበሎ ለብሶ፥ አኵፋዳ አንግቶ፥ ቍራሽ ለምኖ ያደረው ተማሪ ነው። ንባቡን የሰጠው ሰው ትርጓሜውንም ሰጠው፤ እርሱም ለሌላው ሰጠ። በዚህ ሁሉ ዘመን አንድ ትውልድ እንኳ ልጆቹን ሳያስተምር ቢቀር ዛሬ ገሪማን እንደ መርዌ ድንጋይ ዝም ብለን እናየው ነበር። በመርዌ በኩል ያልተማሩት ልጆች የትኞቹ እንደ ሆኑ ማንም አልጻፈውም። ምናልባት ሃምሳ ዓመት ብቻ በቃ።

ትርጓሜውን የሚፈልጉ ሊቃውንት ተስፋ አልቈረጡም። ፈረንሳዊው ክሎድ ሪሊ የመርዌን ቃላት ዛሬ ከሚነገሩ ቋንቋዎች ጋር አስተያይቶ፥ ከኑብያ ቋንቋዎችና በኤርትራ ምዕራብ ቈላ ከሚነገረው ከናራ ቋንቋ ጋር እንደሚዛመድ አሳይቷል። ስለዚህ አንዲት የናራ እናት ልጇን ስትጠራ የምትናገረው ቃል ለንግሥት አማኒሬናስ ድንጋይ ሩቅ ዘመድ ነው።

በተቃራኒው ደግሞ የጠፋም አለ። ፌርሊኒ የሚባል ጣልያናዊ ሐኪም በ1834 ወርቅ ፍለጋ የንግሥት አማኒሻኬቶን ፒራሚድ ከጫፉ ጀምሮ አፈረሰ፤ ያገኘው ጌጥ ዛሬ በበርሊንና በሙኒክ አለ፥ ፒራሚዱ ግን የድንጋይ ክምር ሆነ። የመርዌ ደሴት በ2011 በዓለም ቅርስ መዝገብ ተጻፈ። በ2023 ደግሞ በሱዳን ጦርነት ተነሣ፤ በካርቱም ያለው ብሔራዊ ቤተ መዘክርም ተዘረፈ። በአንድ ቤት የተሰበሰበ የአንድ አገር ሁሉ ጥንታዊ ሀብት ነበረ።

ከጦርነቱ አስቀድሞ ሰደይንጋ በሚባል በዓባይ ዳር ባለ የመቃብር ስፍራ ሪሊና ጓደኞቹ ሲቈፍሩ የአንዲት ሴት ድንጋይ አገኙ፤ ዜናውም በ2018 ተነገረ። ስሟ ማሊዋራሴ ይባላል። ሁለት ወንድሞቿ የአሞን አምላክ ሊቃነ ካህናት እንደ ነበሩ፥ ከልጆቿም አንዱ ፋራስ የምትባለውን ከተማ ይገዛ እንደ ነበረ ድንጋዩ ይናገራል። የዘመድና የሹመት ቃላት ስለ ታወቁ ይህን ያህል ተሰማ። እንዲህ ባለ የመቃብር ድንጋይ ላይ መጀመሪያው የአማልክቱ ጥሪ ይታወቃል፥ ስሙም ይታወቃል፥ መጨረሻውም ውሃና እንጀራ ነው። በመካከሉ ካለው ግን ብዙውን ሊቃውንቱ ድምፃቸውን አሰምተው፥ አንዲት ፊደል ሳይስቱ ያነቡታል፤ ምን ማለት ነው ተብለው ቢጠየቁ ግን ዝም ይላሉ።